ብርሃንን ማንጠልጠል፦ ስለ ሚዛን፣ ክብደትና ውጥረት

ለእንጅባራና ለዳንግላ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ መብራት ነው። ስለ ቆጣሪና ስለ ኃይል መቆራረጥ ግን አይደለም፤ እሱን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የእኔ ጉዳይ አምፖሉ ቤት ውስጥ የት ይሰቀል፣ በምን ይንጠልጠል፣ የሚሸከመው ዕቃ ምን ያህል ይሁን፣ ብርሃኑስ በማን እጅ ላይ ይረፍ የሚለው ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ዓመቱን ሙሉ ሌሊታችን ከቀናችን ጋር ሊስተካከል ጥቂት ነው የሚቀረው። ምሽቱም እየተጎተተ አይመጣም፤ ፀሐይ ከጠለቀች ብዙ ሳይቆይ ይጨልማል። ልጅ የሚያጠናው፣ እራት የሚሰናዳው፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት የሚጨዋወተው በዚያ ሰዓት ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው እንጅባራ ደግሞ ብርዱና ጉሙ ሰውን በጊዜ ወደ ቤቱ ያስገባዋል። ያ ቤት በምን ዓይነት ብርሃን እንደሚቀበለው መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

አንድ የተለመደ ክፍል አስቡ። አራት ሜትር በአራት ሜትር ነው፤ መካከሉ ላይ ከኮርኒሱ በአጭር ገመድ የወረደ አንድ አምፖል አለ። ልጁ ግድግዳው ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያጠናል። አምፖሉ ከጀርባው ስለሆነ የገዛ ጭንቅላቱና ትከሻው ጥላ ደብተሩ ላይ ይወድቃል። ጥላውን ሊሸሽ ወደ ግራ ይዘነብላል፤ እጁ ደግሞ ሌላ ጥላ ይሠራል። አባት ይህን አይቶ «መብራቱ ደካማ ነው» ይልና ትልቅ አምፖል ገዝቶ ይመጣል። ጥላው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ይልቁንም ጠርዙ ደምቆ ይታያል፣ የልጁም ዓይን ይበልጥ ይደክማል። ችግሩ የብርሃኑ ማነስ ሳይሆን የቦታው ነገር ነበር።

ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር የሚሳሳው በርቀቱ ልክ አይደለም፤ ርቀቱ በራሱ ሲባዛ በሚመጣው ቁጥር ልክ ነው። ሁለት ሜትር ርቆ የተሰቀለን አምፖል ወደ ግማሽ ሜትር ብታቀርቡት ርቀቱ ወደ አንድ አራተኛ ወረደ፤ ደብተሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ግን 16 እጥፍ ሆነ። ከግድግዳ የሚመለሰውን ነጸብራቅ ትተን ብንቆጥር፣ ግማሽ ሜትር ላይ ያለ የ3 ዋት አምፖል ሁለት ሜትር ላይ ካለ ተመሳሳይ የ40 ዋት አምፖል ይበልጣል። ይህን ቁጥር እንድትይዙልኝ እለምናችኋለሁ፤ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው። ጥቂት ብርሃን፣ በትክክለኛው ቦታ።

ብርሃኑን ወደ ሥራው እናቅርብ ስንል ግን ወዲያው ጥያቄ ይመጣል። አምፖሉ ኮርኒሱን ለቆ ወደ ክፍሉ መካከል፣ ወደ ባዶ አየር ሊወጣ ነው። እዚያ ማን ይይዘዋል? ዓለም ላይ ስማቸው የተነሣ የመብራት ነዳፊዎች ሥራ ቢጨመቅ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። መልሶቹም ሦስት ናቸው፦ አንዱ በክብደት ይይዘዋል፣ አንዱ በሚዛን፣ አንዱ በውጥረት።

ወደ እነሱ ከመሄዴ በፊት ይህ ጉዳይ ለእኛ ዛሬ የቀረበበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ያ የድሮው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው ከመቶ አምስት ያህሉን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ እሳት የማይፈራ መሆን ነበረበት፦ ብረት፣ መስታወት፣ ሸክላ። እነዚህ ደግሞ ከባድ ናቸው፤ ከባድ ነገር ወፍራም ክንድ ይፈልጋል፣ ወፍራም ክንድ ሰፊ መቆሚያ ይፈልጋል። አሁን የምንጠቀመው ኤልኢዲ ይህን ሁሉ ለወጠው። ሰማያዊ ኤልኢዲን የሠሩት ጃፓን የተወለዱ ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ነጭ መብራት የተቻለው በእነሱ ሥራ ስለሆነ ነው። ድሮ 60 ዋት የፈጀው ብርሃን ዛሬ በ8 ወይም በ9 ዋት ይገኛል። ሙቀቱ እጅግ ቀነሰ፣ ክብደቱም ቀነሰ። እሳት ይበላቸዋል ተብሎ ወደ አምፖል የማይቀርቡት ቀርከሃ፣ ብራና፣ ጥጥና ስንደዶ አሁን የመብራት ዕቃ መሆን ይችላሉ። እነዚህ ሁሉ የእኛ አገር ዕቃዎች ናቸው።

ከክብደት እንጀምር። አኪሌና ፒየር ጃኮሞ ካስቲሊዮኒ የተባሉ የሚላን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1962 አርኮ የሚባል መብራት ሠሩ። ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ብርሃን ማንጠልጠል ፈለጉ፤ ኮርኒሱን መብሳት ግን አልፈለጉም። ስለዚህ ከሁለት ሜትር በላይ የሚሻገር የብረት ቅስት ከክፍሉ ጥግ አነሡና ሥሩን 65 ኪሎ ግራም በሚያህል የካራራ እብነ በረድ ያዙት። ድንጋዩ ውስጥ አንድ ቀዳዳ አለ፤ የመጥረጊያ እንጨት ገብቶበት ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ እንዲያነሣው ነው። ያን ቀዳዳ በጣም እወደዋለሁ፤ ነዳፊዎቹ ቤት ስለምትጠርገው ሴት ማሰባቸውን ያሳያል። ይሁን እንጂ አርኮ የሀብታም ቤት ዕቃ ነው፤ ያ ሁሉ እብነ በረድ የሚያስፈልገው የብረቱ ቅስት ከባድ ሆኖ ከሥሩ ርቆ ስለሚዘረጋ ነው።

ሁለተኛው መልስ ሚዛን ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን አስበልጣለሁ። ሪቻርድ ሳፐር የተባለ በሚላን ይኖር የነበረ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1972 ቲዚዮ የተባለውን የጠረጴዛ መብራት አወጣ። ሁለት ቀጫጭን ክንዶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ከመብራቱ በተቃራኒ አንድ አንድ የክብደት ጉብታ አለ። በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይሄዳል፤ ሲተዉት ባለበት ይቆማል። የሚያጠብቀው ብሎን፣ የሚጎትተው ሽቦ አይታይም። ከዚያም የሚገርመው፣ ሳፐር የመብራቱን ቮልት በመሠረቱ ውስጥ ባለ ትራንስፎርመር አሳንሶ ኤሌክትሪኩ በራሱ በብረት ክንዶቹ ውስጥ እንዲያልፍ አደረገ። የሚሸከመውና ኃይል የሚያደርሰው አንድ ዕቃ ሆነ፤ ትርፍ ሽቦ ቀረ። ከእሱ 40 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ጆርጅ ካርዋርዲን የተባለ እንግሊዛዊ የመኪና ሞላ መሐንዲስ ክብደቱን በሞላ ተክቶ እንደ ክንድ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት ሠርቶ ነበር። ዛሬ በየቢሮው የምታዩት ተጣጣፊ መብራት የእሱ ዘር ነው።

ሚዛንን በእጃችን እንየው። አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ቀጭን ቀርከሃ ውሰዱ። በአንዱ ጫፍ 300 ግራም የሚመዝን አምፖል ከነመሸፈኛው እሰሩ፣ በሌላው ጫፍ ድንጋይ። ቀርከሃውን ከድንጋዩ ጫፍ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ በገመድ አስራችሁ ከጣሪያው ወራጅ አንጠልጥሉት። አምፖሉ ከገመዱ አንድ ሜትር ከ25 ይርቃል፤ ይኸውም የድንጋዩን ርቀት አምስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ የአምፖሉን አምስት እጥፍ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ተኩል ሊመዝን ይገባል፤ የቀርከሃው የራሱ ክብደት ወደ አምፖሉ ስለሚያደላም በድንጋዩ ላይ ጥቂት ይጨመርበታል። አለቀ። ይህ ዕቃ በአንድ ጣት ይዞራል፤ ቀን ለምሳ ጠረጴዛ፣ ማታ ለልጁ ደብተር ይሆናል። ድንጋዩን ፍለጋ ካራራ መሄድ አያሻም። የዘንገናን ሐይቅ ጎድጓዳ የፈጠረው ዓይነት እሳተ ገሞራ ጥቁሩን ድንጋይ በየማሳችንና በየአጥራችን በትኖልን ሄዷል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ መብራት ላይ የሚነሣ ትርፍ የለም። ድንጋዩን ብታነሡ ይወድቃል፤ ገመዱን ብታነሡ ይወድቃል፤ ቀርከሃውን ብታሳጥሩ ሚዛኑ ይፈርሳል። ጥቂት ዕቃ ያለው ንድፍ ድሃ ንድፍ ነው የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። ንድፍን የምንፈትንበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ባነሣው ይወድቃል ወይ? ካልወደቀ ምን ሥራ አለው? በየአዲሱ ቤት ባለ ሦስት ደረጃ የጂፕሰም ኮርኒስ ተሠርቶ አሥርና አሥራ አምስት ትንንሽ አምፖል ሲደረደርበት አያለሁ። ብዙዎቹ የሚያበሩት ወለሉን ነው። ያ ገንዘብ ለአንድ ደህና የማጥኛ መብራትና ለጥሩ ወንበር ቢውል ኖሮ እያልኩ አዝናለሁ።

ሦስተኛው ውጥረት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከሦስቱ በጣም የሚያምረውም በጣም የሚያታልለውም እሱ ነው።

ፒዮ ማንዙ የተባለ ወጣት ጣሊያናዊ ነዳፊ በሚቆም ዘንግ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መብራት አስቦ ነበር። ሐሳቡን ሳይፈጽም እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ሞተ። ንድፉን አኪሌ ካስቲሊዮኒ አንሥቶ ዘንጉን በሽቦ ተካው፤ ፓረንቴዚ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1971 ወጣ። ያለው ነገር ይህ ነው፦ ከጣሪያ የወረደ ቀጭን የብረት ሽቦ፤ ወለሉ አጠገብ ሽቦውን ቀጥ አድርጎ የሚወጥር አንድ ክብደት፤ በሽቦው ላይ የተሰካ የተቆለመመ ቱቦ፤ በቱቦው ላይ አምፖል። ሽቦው በተቆለመመው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ሰበቃ ይፈጥራል፣ ሰበቃው መብራቱን ባለበት ያቆመዋል። ሲገፉት ይወጣል፣ ሲስቡት ይወርዳል፤ ማጥበቂያ የለውም። ከወለል እስከ ጣሪያ አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ክፍሉን ሳያጣብብ ይቆማል። ክብደትና ውጥረት እንዲህ በጥቂት ዕቃ ተስማምተው ያየሁበት ሌላ የቤት ዕቃ ጥቂት ነው።

አሁን የሚያታልለውን ልንገራችሁ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ ሽቦ የሚሸከመው የተንጠለጠለበትን ያህል ነው። በሁለት ግድግዳ መካከል በአግድም የተዘረጋ ሽቦ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ኪሎ መብራት መካከሉ ላይ ሰቅላችሁ ሽቦው ከአግድም 30 ዲግሪ እንዲረግብ ብትተዉት፣ እያንዳንዱ ወገን የሚስበው ሁለት ኪሎ ያህል ነው። «አላማረኝም፣ ቀጥ ይበል» ብላችሁ አምስት ዲግሪ እስኪቀረው ብትወጥሩት ግን እያንዳንዱ ወገን ወደ 11 ኪሎ ተኩል ይስባል። መብራቱ ያው ሁለት ኪሎ ነው። የልብስ ማስጫ ገመድ ቀጥ እንዲል ስትወጥሩት ሚስማሩ ከግድግዳው የሚነቀለው ለዚህ ነው። ፍጹም ቀጥ ያለ ሽቦማ አንዲት ወፍ እንኳ ብታርፍበት ሳይረግብ ሊሸከማት አይችልም። ስለዚህ ሽቦ ሲዘረጋ ጥቂት ርግበት ይተዉለት፤ የሚያምረውም እሱ ነው።

ውጥረትን ለመማር ግን ሚላን መሄድ አያስፈልግም ነበር። የጠፍር አልጋ ያየ ሰው ያውቀዋል። የበሬው ቆዳ እርጥብ ሳለ ይተለተልና ጠፍሩ በቋሚዎቹና በአግዳሚዎቹ ቀዳዳ እየተሳበ ይጠላለፋል። ጠፍሩን የሚጨርሰው የሠሪው ጉልበት አይደለም። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ራሱን ይወጥራል። ሰው ተኝቶበት ሲረግብ ውኃ ተርከፍክፎ እንደገና ይሳባል። ሠሪው ዕቃው በራሱ የሚሠራውን ሥራ አውቆ ይተውለታል፤ ይህ ትልቅ የንድፍ ዕውቀት ነው።

ከጠፍርም በላይ ብራና አለ። ጎጃም የብራናና የቁም ጽሕፈት አገር ነው፤ ብራና ፋቂዎች ሲሠሩ ያያችሁ ብዙ ትሆናላችሁ። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በውኃ ከራሰ በኋላ ጠርዝ ጠርዙ ይበሳና በገመድ ከአራት ማዕዘን እንጨት ጋር ይወጠራል። ሥጋው ይፋቃል፣ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፣ ጠጉሩ ይነሣል፣ እየደረቀ ሲሄድ ደግሞ ገመዶቹ ይጠብቃሉ። አንዱ ገመድ ካላላ ቆዳው በዚያ በኩል ይሸበሸባል፤ አንዱ ከጠበቀ ይቀደዳል። ፋቂው ዙሪያውን እየዞረ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ይሰማል፣ ያስተካክላል። ሲያልቅ ፀሐይ ላይ ያዙትና እዩት። ብርሃኑ በቆዳው ውስጥ ያልፋል፤ ሲያልፍ ግን ይለሰልሳል፣ ወደ ማር መልክ ያደላል፣ የደም ሥሮቹ መስመር ሳይቀር በስሱ ይታያል። ከዚህ የሚበልጥ የመብራት መሸፈኛ አላውቅም። በባለ ክር አምፖል ዘመን ሙቀቱ ያኮማትረው ነበር፤ በኤልኢዲ ይህ ስጋት በእጅጉ ቀንሷል። ለመጽሐፍ የማይበቃ፣ ቀዳዳ ወይም ጉድፍ ያለበት ብራና ለመብራት ይበቃል፤ የፋቂው ልፋት ሁለተኛ ገበያ ያገኛል ማለት ነው። ብራና ውድ ሆኖ ለሚከብደው ደግሞ ሳሳ ያለ ነጠላ በቀርከሃ ክፈፍ ላይ ተወጥሮ ያንኑ ሥራ በርካሽ ይሠራል።

የውጥረት ነገር በሥነ ጥበባችንም አለ፤ ከዘመናችን ሠዓሊዎች ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሚሰበስበው ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ሰሌዳ በሠራቸው ሥራዎቹ ዓለም አቀፍ ዝና ያተረፈ ነው። ከተከታታይ ሥራዎቹ አንዱን በእንግሊዝኛ «ታይትሮፕ» ብሎታል፤ ሰው በሥልጣኔና ተፈጥሮን በመጠበቅ መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ለማመልከት ነው። ሽቦን እያንዳንዱን እንደ ፈትል በትዕግሥት የሚያየው ዓይን ከእኛው አገር ወጥቷል። የመብራት ሠሪዎቻችንም ያን ዓይን እንዲይዙ እመኛለሁ።

አሁን ወደ ቀርከሃ ልምጣ፤ ወደ ዋናው ነገር። ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብት በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ ናት፤ የደጋው ቀርከሃ ከሚበቅልባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ ይህ የእኛ አካባቢ ነው። በእንጅባራ የቀርከሃ ወንበር፣ ጠረጴዛና ቅርጫት ይሠራል፣ ይሸጣል። አንድ የቀርከሃ ስንጥቅ ከጎኑ አገላብጣችሁ ብታዩ፣ ወደ ውጭው ቆዳ የቀረበው ክፍል ጥቅጥቅ ያለ ጭረት ሞልቶታል፤ ወደ ውስጥ ሲሄድ ይሳሳል። የመሳብ ጉልበቱ ያለው በውጭው ነው። ባለሙያው ይህን ያውቃል፤ ለውጥረት የሚሆነውን ከውጭው ይሰነጥቃል፣ ውስጡን ፍቆ ይጥላል። እንዲህ የተሰነጠቀ ስስ ዘንግ መብራት ሲንጠለጠልበት ይጎብጣል፤ የጉብጠቱን ቅርጽ የሚወስነው ክብደቱ ነው። ነዳፊው በእርሳስ የሚስለው መስመር አያስፈልግም፤ ግራም ሲጨምርና ሲቀንስ መስመሩ ራሱ ይለወጣል።

ይህን ስል አንድ ከተማ ትዝ ይለኛል፤ ጊፉ ትባላለች፣ ጃፓን ውስጥ ናት። የጊፉ ሰዎች ከቀርከሃና ከእንጆሪ ዛፍ ልጥ በሚሠራ ወረቀት ፋኖስ መሥራት የቆየ ሙያቸው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙያው ተዳከመ። አባቱ ጃፓናዊ እናቱ አሜሪካዊት የሆነው ቀራጺ ኢሳሙ ኖጉቺ እ.ኤ.አ. በ1951 በከተማዋ ሲያልፍ ከንቲባው «ይህን ሙያ የሚያነሣ ነገር ሥራልን» ብለው ጠየቁት። ኖጉቺ ፋብሪካ እንትከል አላለም፤ አሠራሩን አልለወጠም። የወሰደው የእነሱኑ የእጅ ሥራ ነው። ከተገጣጠመ የእንጨት ቅርጽ ላይ ስስ የቀርከሃ ዘንግ ከላይ እስከ ታች ዙሪያውን ይጠመጠማል፤ ወረቀቱ በቁራጭ በቁራጩ ይለጠፍበታል፤ ሲደርቅ የእንጨቱ ቅርጽ ተፈታትቶ በአፉ በኩል ይወጣል። የቀረው ባዶ ነገር ነው፦ ቀርከሃና ወረቀት፣ ውስጡ ደግሞ ወጥሮ የሚይዘው ቀጭን ሽቦ። ሽቦው ሲወጣ መብራቱ ታጥፎ በጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። ኖጉቺ የለወጠው ቅርጹን ነው፤ ጌጡን አራግፎ ክብና ሞላላ አደረገው፣ ሻማውን በአምፖል ተካው። አካሪ የሚባሉት እነዚህ መብራቶች ከመቶ በላይ ዓይነት ሆነው ዛሬም በዚያችው ከተማ በእጅ ይሠራሉ። ከ70 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ በዓለም ትላልቅ ሙዚየሞች ተቀምጠዋል፣ በተራ ቤቶችም ተሰቅለዋል።

ጊፉና እንጅባራ የሚለያዩት በብዙ ነገር ነው፤ በዚህ ግን አንድ ናቸው፦ ሁለቱም ቀርከሃ የሚያውቅ እጅ አላቸው። እኛ ዘንድ ያጣነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀርከሃውን ከነቀዝ ማዳን ነው። ለጋ ቀርከሃ ውስጡ ስታርች ስላለው ነቀዝ ይወደዋል፤ የአንድ ዓመት ዕቃ ዱቄት ሆኖ የሚረግፈውም ስለዚህ ነው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየውን መርጦ በበጋ መቁረጥ፣ ከዚያም በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ መዘፍዘፍ የታወቀ መድኃኒቱ ነው። ሁለተኛው ያጣነው ገዢ ነው። ባለሙያው የሚሠራው ሰው የሚገዛውን ነው፤ እኛ ከእሱ የምንገዛው ቅርጫትና በርጩማ ነው፤ መብራታችን ግን ከሩቅ አገር የመጣ ፕላስቲክ ነው።

አንድ ቃል ስለ ኃይል። በገጠሩ ቀበሌ ብዙ ቤት ዛሬ የሚበራው በሶላርና በ12 ቮልት ባትሪ ነው። ይህ ለንድፍ ችግር ሳይሆን ዕድል ነው። የ6 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር ብቻ ይስባል፤ የአደጋው መጠንም ከ220 ቮልቱ ጋር አይወዳደርም። ጀርመናዊው ኢንጎ ማውረር እ.ኤ.አ. በ1984 ያያሆ በሚባለው ሥራው በክፍሉ ላይ ሁለት ዝቅተኛ ቮልት ያላቸው ራቁት ሽቦዎች ዘርግቶ መብራቶቹን እንደ ልብ የሚዘዋወሩ አድርጎ ሰቀላቸው። የሶላር ቤት ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ መብራቱን የሚሸከሙት ሽቦዎች ኃይሉንም ያደርሳሉ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባባቸው እንጂ። በ220 ቮልት ግን ይህ በፍጹም አይሞከርም። እዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱ ክብደት አይሸከም፤ የሚሸከመው ሌላ ገመድ ወይም ሽቦ ይሁን፣ የሚታሰረውም በጂፕሰሙ ላይ ሳይሆን ከላይ ባለው ወራጅ ላይ ይሁን፤ ሥራውንም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው።

ክብደት ራሱ ብርሃን ይወልዳል ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ይወልዳል። ማርቲን ሪዲፎርድና ጂም ሪቭስ የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቁት መብራት 12 ኪሎ አሸዋ ወይም ድንጋይ የሞላ ከረጢት ቀስ ብሎ ሲወርድ ለ20 ደቂቃ ያህል ይበራል። ሒሳቡን ሥሩት፦ 12 ኪሎ ከአንድ ሜትር ከ80 ሲወርድ የሚሰጠው 212 ጁል ነው፤ ለ20 ደቂቃ ሲከፈል ከአንድ ዋት አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ለመጽሐፍ ገጽ ከኩራዝ ይሻላል፣ ለቤት አይበቃም። ክብደት በብዙ ሲሆን ግን ሌላ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ጣቢያም፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋቱ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም የሚሠሩት ውኃ በክብደቱ ሲወርድ ነው።

ስለ ቀለሙም ጥቂት ልበል። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የኬልቪን ቁጥር ፈልጉ። 6,500 የሚለው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ለሱቅና ለሥራ ቦታ ይሁን። ለቤት፣ በተለይ ለእንጅባራ ብርዳም ምሽት፣ 2,700 ወይም 3,000 የሚለው ይሻላል፤ የሰው ፊትና የቀርከሃው ቀለም በእሱ ይሞቃል። ዋጋቸው ብዙም አይለያይም። አምፖሉ ራቁቱን ዓይን ውስጥ አይግባ፤ የመሸፈኛው የታች ጠርዝ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ዝቅ ይበል ወይም መሸፈኛው አምፖሉን ሙሉ በሙሉ ይሰውረው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በቴክኒክና ሙያ የምታስተምሩ መምህራን፣ የዘንድሮ ተማሪዎቻችሁ አንድ አንድ የተመጣጠነ የቀርከሃ መብራት ከነስሌቱ ሠርተው ይመረቁ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች፣ የአካባቢያችን ቀርከሃ በየዕድሜው ስንት ኪሎ እንደሚስብ ለክታችሁ ለባለሙያዎቹ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአማርኛም በአዊኛም አሳውቋቸው። የእንጅባራና የዳንግላ ሆቴል ባለቤቶች፣ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር እንግዳው ከየአገሩ ይመጣል፤ ያ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረ ኩራታችን ነው። እንግዳው የሚያድርበት ክፍል መብራት ግን የየትም አገር ሊሆን የሚችል ፕላስቲክ ነው። በየክፍላችሁ አንድ የአልጋ ዳር መብራት ከእንጅባራ ቀርከሃ ሠሪ እዘዙ፤ ዋጋውን አትከራከሩት፣ ቀብዱንም አሁን ክፈሉት፤ ቀርከሃው በበጋ ተቆርጦ፣ ተዘፍዝፎና ደርቆ ለጥር እንዲደርስ ጊዜ ያስፈልገዋል።